ባዶውን መቁጠር፦ ሳይሰበሩ ያለፉ ፕሮቶኖችን በላፕቶፕ ለመፈለግ

ስለ ሰርን፣ በጄኔቫ ስላለው የቅንጣት ፊዚክስ ማዕከል፣ ሲወራ ሁሌ የሚታየን ምስል አንድ ነው። ሁለት ፕሮቶኖች ፊት ለፊት ይላተማሉ፣ ከመሃል ብዙ ዱካ እንደ ርችት ይበተናል። አብዛኛው ግጭት እውነትም እንደዛ ነው። ሁሉም ግን አይደለም። አንዳንዴ ሁለቱ ፕሮቶኖች ሳይነካኩ ይተላለፋሉ፤ የሚገናኘው በዙሪያቸው ያለው የኤሌክትሪክ መስክ ብቻ ነው፣ ከዛ ግንኙነትም ሁለት ሙዮኖች (የኤሌክትሮን ከባድ ዘመዶች) ይወለዳሉ። ሌላ ምንም የለም። ዲቴክተሩ ላይ ሁለት መስመር ይታያል፣ የቀረው ጭር ያለ ነው። ፕሮቶኖቹም ሳይሰበሩ መንገዳቸውን ይቀጥላሉ።

እኔን የሚስበኝ ያ ጭርታ ነው። ሌላ ቦታ የሚታየውን እንቆጥራለን፤ እዚህ የሌለውንም እንቆጥራለን። ሁለት ሙዮን ማግኘት ቀላል ነው። ከሁለቱ ሌላ ምንም እንዳልነበረ ማረጋገጥ ግን ወራት ይፈጃል። ይህን መመሪያ የጻፍኩት ፓይተን ትንሽ ለሚችል፣ የሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስና ሒሳብ ላልረሳ ሰው ነው። ኢትዮጵያ የሰርን አባል አገር አይደለችም። ዳታው ግን ለሁሉም ክፍት ነው፤ ፈቃድ መጠየቅም፣ መክፈልም አያስፈልግም። ከታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

መጀመሪያ ማንን እንደምትፈልጉ ለዩ

ሳይሰበር የሚያልፍ ፕሮቶን በሁለት መንገድ ሊነካ ይችላል። አንዱ በፎቶን፣ በብርሃን ቅንጣት፣ ነው። ፕሮቶን ቻርጅ አለው። ወደ ብርሃን ፍጥነት ሲጠጋ የኤሌክትሪክ መስኩ በጉዞው አቅጣጫ ይጨፈለቅና እንደ እንጀራ ይሳሳል። ይህን የተጨፈለቀ መስክ እንደ ፎቶን ጅረት መቁጠር ይቻላል። ሐሳቡን ኤንሪኮ ፌርሚ በ1924 አነሳው፣ ቫይትስዜከርና ዊሊያምስ ደግሞ ከአሥር ዓመት በኋላ አሰፉት። ስለዚህ ኤልኤችሲ፣ የሰርን ግዙፍ ማሽን፣ የፕሮቶን ማላተሚያ ብቻ አይደለም፤ ሳይታሰብ የፎቶን ማላተሚያም ሆኗል።

ሁለተኛው መንገድ ዲፍራክሽን ነው። ብርሃን በክብ መሰናክል ዙሪያ ሲያልፍ ደመቅና ደብዘዝ ያሉ ቀለበቶችን ይሠራል፤ ፕሮቶን ከፕሮቶን ተነካክቶ ሳይሰበር ሲመለስም የሚበተንበት ማዕዘን እንደዛው ከፍታና ዝቅታ አለው፣ ስሙም ከዛ መጣ። እዚህ በመሃል የሚተላለፈው ፖሜሮን ይባላል። ስሙን ያገኘው ከሶቪየት ኅብረቱ የፊዚክስ ሊቅ ከአይዛክ ፖሜራንቹክ ነው። በዛሬ አረዳድ በቀላሉ ሁለት ግሉዮኖች (ፕሮቶንን ከውስጥ የሚያጣብቁ ቅንጣቶች) ተጣምረው ቀለም አልባ፣ ማለትም የጠንካራው ኃይል ቻርጅ የሌላቸው፣ ሲሆኑ ማለት ነው። የሦስት ግሉዮኑ ዘመድ ኦደሮን ይባላል። በ1973 በወረቀት ላይ ተተነበየ። የታየው ግን የሰርኑ የቶተም ቡድን የፕሮቶን ከፕሮቶን ዳታውን፣ የዲዜሮ ቡድን ደግሞ በአሜሪካ ፌርሚላብ የሰበሰበውን የፕሮቶን ከፀረ ፕሮቶን ዳታ ጎን ለጎን ካስቀመጡ በኋላ ነው፤ ውጤቱ በ2021 ታተመ። ወደ 50 ዓመት የተጠጋ ትዕግሥት።

ዲፍራክሽን እንግዳ ነገር እንዳይመስላችሁ። ቶተም በ13 ቴራ (13,000 ቢሊዮን) ኤሌክትሮን ቮልት ኢነርጂ ሲለካ አጠቃላይ የግጭቱ ስፋት፣ ማለትም የመጋጨት ዕድሉ መለኪያ፣ 110.6 ሚሊባርን ወጣ፣ ከዚህ ውስጥ 31 ያህሉ ሁለቱም ፕሮቶኖች ሳይሰበሩ የተለያዩበት ነው። ከሩብ በላይ! በሃምቡርግ በነበረው ሄራም እንዲሁ ነው። ኤሌክትሮን ከፕሮቶን እያላተመ ከ1992 እስከ 2007 ሠራ። ፕሮቶኑን ክፉኛ ከመቱት ግጭቶች አንድ አሥረኛ ገደማ የሚሆኑት ላይ በፕሮቶኑ በኩል ሰፊ ባዶ ክፍተት ታየ። ያን ያህል ይሆናል ብሎ የጠበቀ ብዙ ሰው አልነበረም።

ሁለቱን መንገዶች በምን እንለያቸዋለን? አንደኛ፣ በግፊቱ። የኤሌክትሪክ መስክ ሩቅ ስለሚደርስ ፎቶኑ ፕሮቶኑን ወደ ጎን የሚገፋው በጣም በጥቂቱ ነው፤ ፖሜሮን ጠንከር አድርጎ ይገፋዋል። ሁለተኛ፣ በሚወለደው ነገር። ፎቶን ከፎቶን ጋር ሲገናኝ የሙዮን ወይም የኤሌክትሮን ጥንድ ይሰጣል፣ መጠነ ቁሳቸውም ቁልቁል የሚወርድ ለስላሳ መስመር ይሠራል። ፎቶን ከፖሜሮን ጋር ሲገናኝ ግን ጄፕሳይ ወይም ኡፕሲሎን የሚባሉ ከባድ ቅንጣቶችን ይሰጣል፤ እነሱ ግራፉ ላይ ሹል ጫፍ ሆነው ይወጣሉ። እኛ የምንፈልገው የመጀመሪያውን ነው።

ቀላሉ ጅምር፦ አንድ ሰንጠረዥና አንድ ምሽት

የሰርን የክፍት ዳታ ድረ ገጽ ከኅዳር 2014 ጀምሮ ይሠራል። የሲኤምኤስን (ከኤልኤችሲ ትልልቅ ዲቴክተሮች አንዱ ነው) የ2010 የሁለት ሙዮን ሰንጠረዥ ፈልጉ። 100,000 ክስተት (የተቀዳ ግጭት) አለው፣ በሲኤስቪ የተቀመጠ ነው። ለማውረድ አንድ ቪዲዮ ከማየት ያነሰ ዳታ ይበላል። ላፕቶፕ ደከም ያለ ከሆነ ጉግል ኮላብ ላይ ክፈቱት። ፓንዳስና ማትፕሎትሊብ ይበቃሉ።

በእያንዳንዱ መስመር ላይ ለሁለቱም ሙዮኖች ኢነርጂ፣ ሞመንተም፣ ቻርጅና ሦስት ቁጥሮች ታገኛላችሁ። ሦስቱን በደንብ ተዋወቋቸው፣ ሥራው ሁሉ በእነሱ ነው የሚሄደው። ፒቲ የሙዮኑ የጎን ሞመንተም ነው። ፋይ በጨረሩ፣ ማለትም ፕሮቶኖቹ በሚጓዙበት መስመር፣ ዙሪያ ያለው ማዕዘን ነው። ኤታ ደግሞ ሙዮኑ ወደ ጨረሩ መስመር ምን ያህል እንደተጠጋ ይናገራል፤ 0 ከሆነ ቀጥ ብሎ ወደ ጎን ወጣ ማለት ነው፣ ከፍ ሲል ወደ ጨረሩ ይጠጋል፣ የመደመር ወይም የመቀነስ ምልክቱ ደግሞ ወደ የትኛው ጫፍ እንደሄደ ያሳያል።

መጠነ ቁሱን ራሳችሁ አስሉ። በሰንጠረዡ መጨረሻ ላይ ተሰልቶ ተቀምጧል፣ ግን አትመኑት፣ አስሉትና አወዳድሩ። ሁለቱን ፒቲዎች አባዙ፣ በ2 አባዙ። ከዛ የኤታዎቹን ልዩነት ኮሳይን ሃይፐርቦሊክ ውሰዱና የፋዮቹን ልዩነት ኮሳይን ቀንሱበት። ሁለቱን ውጤቶች አባዝታችሁ ስኩዌር ሩቱን ውሰዱ። ቁጥሩ ከሰንጠረዡ ጋር ከገጠመ ኮዳችሁ ደህና ነው። ካልገጠመ ወደፊት አትሂዱ።

አሁን ተቃራኒ ቻርጅ ያላቸውን ብቻ ወስዳችሁ ሂስቶግራም ሳሉ። ሁለቱንም ዘንጎች ሎግ አድርጉ። በ3.1 ጂኢቪ ላይ ጄፕሳይ ብቅ ይላል፣ በ9.5 አካባቢ ኡፕሲሎን፣ በ91 ላይ ዜድ የሚባለው ቅንጣት። ጂኢቪ ማለት አንድ ቢሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ነው፤ ፕሮቶን ራሱ 0.938 ጂኢቪ ይመዝናል። ያ ግራፍ በራሳችሁ ስክሪን ላይ ሲወጣ የሚሰማው ስሜት ሌላ ነው፣ ትንሽ ቆም ብላችሁ እዩት።

ቀጥሎ የሁለቱን ሙዮኖች ትይዩነት ለኩ። ፎቶኖቹ ወደ ጎን ምንም ያህል ግፊት ስለሌላቸው ከእነሱ የሚወለዱት ሙዮኖች ተቃራኒ አቅጣጫ ይይዛሉ፣ ፒቲያቸውም እኩል ለእኩል ይሆናል። የፋዮቹን ልዩነት በፓይ አካፍሉና ከ1 ላይ ቀንሱት። ውጤቱ 0 ከሆነ ፍጹም ጀርባ ለጀርባ ናቸው። የሲኤምኤስ ቡድን በ7 ቴራ ኤሌክትሮን ቮልት ዳታ ላይ የተጠቀመው ማጣሪያ ይህ ቁጥር ከ0.1 በታች እንዲሆን ነበር፣ በዲግሪ ሲቆጠር በ18 ዲግሪ ውስጥ ማለት ነው። የፒቲ ልዩነቱም ከ1 ጂኢቪ በታች፣ የእያንዳንዱ ሙዮን ፒቲ ከ4 በላይ፣ ኤታው ምልክቱን ሳንቆጥር ከ2.1 በታች፣ የጥንዱ መጠነ ቁስም ከ11.5 ጂኢቪ በላይ። የመጨረሻዋን ለምን እንዳስገቡ ከግራፋችሁ ታያላችሁ፤ የኡፕሲሎኖችን ሰፈር ለመሸሽ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ተጠንቀቁ። ፋይ የሚቆጠረው ከፓይ ሲቀነስ እስከ ፓይ ሲደመር ነው። አንዱ ሙዮን 179 ዲግሪ ላይ፣ ሌላው ከዜሮ በታች 179 ዲግሪ ላይ ቢሆን ኮዱ 358 ይላችኋል፣ እውነቱ ግን 2 ዲግሪ ነው። ልዩነቱን ማጠፍ ያስፈልጋል። እኔ ስጀምር ይህን ሳላደርግ ሁለት ሳምንት ሠርቼ ነበር፤ ግራፌ ላይ ከ0 በታች የወረዱ ቁጥሮች ባይኖሩ ኖሮ ከዛም በላይ እሄድ ነበር።

ይህን ሁሉ ካደረጋችሁ በኋላ ጥቂት ክስተቶች ይቀሯችኋል። ፎቶን ከፎቶን አገኘሁ ትላላችሁ? ገና ናችሁ። በፕሮቶኖቹ ውስጥ ያሉ ኳርክና ፀረ ኳርክ ተገናኝተውም ጀርባ ለጀርባ የሚሄዱ ሙዮኖችን ይሰጣሉ፣ ብዛታቸውም እጅግ ይበልጣል። ሰንጠረዡ ስለ ሁለቱ ሙዮኖች እንጂ በዙሪያቸው ስለነበረው አይናገርም። ባዶ መሆኑን ለማወቅ ሌሎቹን ዱካዎች ማየት አለባችሁ።

ባዶነትን ማረጋገጥ

አሁን ወደ ትልቁ ፋይል እንሂድ። ሲኤምኤስ እያንዳንዱ ዱካ ያለበትን የ2010 ዳታም ለቋል። ይሄኛው ከባድ ነው። ለማንበብ የራሱ ሶፍትዌር ያስፈልጋል፣ ሰርን ግን ተዘጋጅቶ ያለቀ የዶከር ኮንቴይነር ስለሚሰጥ ከባዶ መጫን አይጠበቅባችሁም። ፋይሎቹን ሁሉ አታውርዱ። አንድ ፋይል ወስዳችሁ ኮዱን ፈትኑ፣ ሲሠራ የዩኒቨርሲቲ ኔትወርክ ላይ ማታ ማታ አስኪዱት።

ሥራው በሐሳብ ቀላል ነው። ሁለቱ ሙዮኖች የተነሱበትን ነጥብ አግኙ። ከዛ በ2 ሚሊሜትር ውስጥ ሌላ ዱካ ካለ ጣሉት። ከሌለ ያዙት።

ካሎሪሜትሩም (ኢነርጂ የሚለካው የዲቴክተሩ ክፍል) ባዶ ይሁን ማለት አይቻልም ወይ? ብዙ ሰው ይህን ይጠይቃል። መልሱ በአንድ ቃል መደራረብ ነው። ኤልኤችሲ ውስጥ ፕሮቶኖች በመንጋ በመንጋ ነው የሚጓዙት፣ ሁለት መንጋ ሲተላለፍም ከአንድ በላይ ግጭት ይፈጠራል። በ2010 ጥቂት ነበር። በ2018 ግን በአማካይ ከ30 በላይ ደርሷል። ጎረቤት ግጭት የረጨው ኢነርጂ ካሎሪሜትሩ ላይ ስለሚያርፍ የእናንተ ንጹሕ ክስተት ቆሻሻ መስሎ ይጣላል። ዱካ ግን ከየት እንደተነሳ በሚሊሜትር ክፍልፋይ ስለሚታወቅ ጎረቤቱን ከራስ መለየት ይቻላል። ሌላው ትልቅ የኤልኤችሲ ዲቴክተር፣ አትላስ፣ ፎቶን ከፎቶን ሁለት ደብልዩ ቦዞን የሚባሉ ከባድ ቅንጣቶችን ሲወልዱ ያየው በዚሁ ዘዴ ነው። በ1 ሚሊሜትር ውስጥ ሌላ ዱካ የሌለውን ብቻ ለይቶ 307 ክስተት አገኘ፣ ከባክግራውንድ፣ ማለትም ከአስመሳይ ክስተቶች፣ የሚጠበቀው ግን 132 ነበር።

ይሁንና ማጣሪያው ጥሩ ክስተትም ይጥላል። የጎረቤት ዱካ በአጋጣሚ በ2 ሚሊሜትር ውስጥ ሊገባ ይችላል። ስንቱን እንደምትጥሉ ካላወቃችሁ የመጨረሻው ቁጥር ዋጋ የለውም። ይህን ለመለካት በጣም የምወደው መንገድ አለ። ያለ ምርጫ የተቀዱ ክስተቶችን ውሰዱ፣ ማለትም ትሪገሩ (የትኛው ክስተት እንደሚቀዳ የሚወስነው ክፍል) ምንም ሳይጠይቅ በዘፈቀደ ያስቀመጣቸውን። በጨረሩ መስመር ላይ በዘፈቀደ አንድ ነጥብ ምረጡ፤ ነጥቦቹ የሚሰራጩት እውነተኛ ግጭቶች በሚሰራጩበት መልክ ይሁን። በነጥቡ ዙሪያ በ2 ሚሊሜትር ውስጥ ዱካ አለ ወይስ የለም? ይህን በሺዎች ጊዜ ድገሙት። ዱካ ያልተገኘበት ድርሻ የማጣሪያችሁ ብቃት ነው። ምንም ሲሙሌሽን አያስፈልገውም፣ ዲቴክተሩ ራሱ ይነግራችኋል።

አስመሳዮቹ

ከማጣሪያው ያለፈው ሁሉ ስንዴ አይደለም፣ እንክርዳድ አለው። ሁለቱን እነግራችኋለሁ።

አንደኛው ከሰማይ የሚመጣ ነው። የኮስሚክ ጨረር ሙዮን ከላይ ገብቶ በመሃል አልፎ በታች ይወጣል። ዲቴክተሩ ይህን አንድ ሙዮን ሁለት አድርጎ ያነበዋል፤ ፍጹም ጀርባ ለጀርባ፣ ፒቲያቸው እኩል፣ በዙሪያቸው አንድም ዱካ የሌለ። የምንፈልገውን ሁሉ አሟልቷል፣ ግን ከግጭቱ ጋር ምንም አይገናኝም። መለያው ይህ ነው፦ የእኛ ሙዮኖች ጀርባ ለጀርባ የሚሆኑት ከጨረሩ ፊት ለፊት ሆነን ስናያቸው ነው። በሦስቱም አቅጣጫ ሲለካ ግን ብዙውን ጊዜ ቀጥ ያለ መስመር አይሠሩም፣ ምክንያቱም ሁለቱ ፎቶኖች እኩል ኢነርጂ ስለማይኖራቸው ጥንዱ በጨረሩ መስመር ወደ አንዱ ጫፍ ይገፋል። የኮስሚኩ ሙዮን ግን ቀጥ ያለ ነው። ስለዚህ በሦስት አቅጣጫ የሚለካው ማዕዘን ከ171 ዲግሪ በታች የሆነውን ብቻ ያዙ።

ሁለተኛው ይከብዳል። ፎቶን ከፎቶን በእውነት ተገናኝተዋል፣ ሙዮኖቹም እውነተኛ ናቸው፣ ግን አንዱ ፕሮቶን በመንገድ ላይ ተሰብሯል። ስብርባሪው ወደ ጨረሩ ቱቦ ውስጥ ስለሚገባ ዲቴክተሩ አያየውም። ባዶ ይመስላል፣ ባዶ ግን አይደለም። እንዲህ ዓይነቱን ክስተት አንድ በአንድ መለየት አይቻልም። የምትለዩት በብዛት ነው። የጥንዱን አጠቃላይ ፒቲ ሳሉ። ሁለቱም ፕሮቶኖች ያልተሰበሩባቸው ክስተቶች ወደ 0 ተጠግተው ቀጭን ጫፍ ይሠራሉ፤ የተሰበሩት ግን ጠንከር ያለ ግፊት ስላለባቸው ረጅም ጅራት አላቸው። የሁለቱን ቅርጽ ከሲሙሌሽን ወስዳችሁ ዳታው ላይ ታስማማላችሁ። ለዚህ ኤልፔርና ሱፐርቺክ የሚባሉ ፕሮግራሞች አሉ፣ ለእርሳስ ኒውክሊየስ ደግሞ ስታርላይት። ሲኤምኤስ የ2010ን ዳታ በዚህ መንገድ ሲለካ ያገኘው ከሚጠበቀው ጋር ሲካፈል 0.83 ሆነ፣ ስህተቱ 0.15 ወደ ላይ ወይም ወደ ታች። ከ1 ብዙ አልራቀም።

በነገራችን ላይ ያለ ጅራቱ ጫፉን ብቻ ማሳየት የሚያጓጓ ነገር ነው፣ ግራፉ ያምራል። አታድርጉት። የሥራው ታማኝነት ያለው ጅራቱ ላይ ነው።

ፕሮቶኑን ራሱን መያዝ

እስካሁን ፕሮቶኑ አልተሰበረም የምንለው በግምት ነበር። ዛሬ በቀጥታ ማየት ይቻላል። ከግጭቱ ቦታ 200 ሜትር አልፎ ርቆ፣ ጨረሩ በሚሄድበት ቱቦ ላይ፣ ሮማን ፖት የሚባሉ ዕቃዎች አሉ። ስማቸው ሮማን የሆነው በ1970ዎቹ መጀመሪያ ሰርን ላይ ከሮም የመጡ ሳይንቲስቶች ያሉበት ቡድን ስለተጠቀመባቸው ነው። ሐሳቡ የሚገርም ነው። ዲቴክተሩ በትንሽ የብረት ዕቃ ውስጥ ይቀመጣል። ጨረሩ ሲሞላ ወደ ውጭ ይሸሻል፣ ጨረሩ ሲረጋ ቀስ እያለ ገብቶ ጥቂት ሚሊሜትር ቀርቶት ይቆማል።

ኢነርጂ ያጣ ፕሮቶን የኤልኤችሲ ማግኔቶች ከጓደኞቹ ይልቅ አብዝተው ያጥፉታል። ከጨረሩ ምን ያህል እንደራቀ ስትለኩ ምን ያህል ኢነርጂ እንዳጣ ታውቃላችሁ። የጠፋው ድርሻ ክሳይ ይባላል። የሲኤምኤስና የቶተም የጋራ ፕሮቶን መለኪያ ከ2016 ጀምሮ ሠርቷል፤ የሚያየው በግምት ከ2 በመቶ እስከ 20 በመቶ ያጣውን ነው። አትላስም 205 እና 217 ሜትር ላይ የራሱ አለው።

ውበቱ እዚህ ጋ ነው። ፕሮቶኑ ያጣውን ከሙዮኖቹም ማስላት ይቻላል፣ ሁለቱ መግጠም አለባቸው። የእያንዳንዱን ሙዮን ፒቲ በኢ ኃይል ኤታ አባዙ (ኢ 2.718 ነው)፣ ሁለቱን ደምሩ፣ በግጭቱ ጠቅላላ ኢነርጂ አካፍሉ። ለሌላው ፕሮቶን ደግሞ የኤታን ምልክት ገልብጡ። በቁጥር እንየው። ሁለት ሙዮኖች አሉ እንበል፣ ፒቲያቸው 60 ጂኢቪ፣ ኤታቸው 2.0 እና 2.2፣ ግጭቱ በ13,000 ጂኢቪ። ኢ ኃይል 2.0 ማለት 7.39፣ ኢ ኃይል 2.2 ማለት 9.03። ሲደመሩና በ60 ሲባዙ 985 ገደማ። በ13,000 ሲካፈል 0.076። ይህ ፕሮቶን 7.6 በመቶ አጥቷል፣ ሮማን ፖቱ ያየዋል። በሌላው በኩል ስታሰሉ 0.0011 ይወጣል። ይሄኛው ለጨረሩ በጣም ቅርብ ስለሆነ አይታይም። በሙዮን ጥንድ ሥራ ላይ ብዙውን ጊዜ አንድ ፕሮቶን ብቻ የሚያዘው ለዚህ ነው። ለማረጋገጥ ሁለቱን ክሳዮች አባዙ፣ ስኩዌር ሩቱን ውሰዱ፣ በ13,000 አባዙ፤ 121 ጂኢቪ ገደማ ይሰጣችኋል። ቀደም ባለው ቀመር መጠነ ቁሱን ስታሰሉም ያው ይወጣል።

ሲኤምኤስና ቶተም በ2016 ዳታ ላይ፣ ከ110 ጂኢቪ በላይ ባሉ ጥንዶች፣ 12 የሙዮንና 8 የኤሌክትሮን ክስተቶች ከሮማን ፖት ፕሮቶን ጋር ሲገጥሙ አገኙ። ሃያ ብቻ። ግን ባክግራውንዱ አነስተኛ ስለነበር ከ5 ሲግማ አለፈ፣ በአጋጣሚ የመጣ ነው ለማለት እጅግ የሚከብድበት ደረጃ ማለት ነው። አትላስም በ2017 ዳታው 57 የኤሌክትሮንና 123 የሙዮን ክስተት አቅርቧል።

እዚህም አስመሳይ አለ፤ ሙዮኖቹ ከአንድ ግጭት፣ ፕሮቶኑ ከጎረቤት ግጭት መጥተው በአጋጣሚ ይገጥማሉ። ስንት እንደሚሆን ለማወቅ ክስተቶችን አደባልቁ። የዚህን ክስተት ሙዮኖች ከዛኛው ክስተት ፕሮቶን ጋር አጋቡ፣ በሺዎች ጊዜ። እውነተኛ ዝምድና ስለሌላቸው የሚገጥሙት በአጋጣሚ ብቻ ነው፣ ያ ድርሻ ባክግራውንዳችሁ ነው። ሁለቱም ፕሮቶኖች ሲያዙ ደግሞ ሰዓት ይረዳል። የሁለቱን መድረሻ ጊዜ በ10 ፒኮሴኮንድ ትክክለኛነት ከለካችሁ የተነሱበትን ቦታ በ2 ሚሊሜትር ገደማ ታውቃላችሁ። ለዚህ ሲኤምኤስ አልማዝ ይጠቀማል፣ አትላስ ደግሞ ኳርትዝ።

እርሳስ ከእርሳስ

ፎቶን በብዛት ከፈለጋችሁ ወደ እርሳስ ሂዱ። የእርሳስ ኒውክሊየስ 82 ፕሮቶን አለው። የፎቶን ጅረቱ በቻርጁ ካሬ ስለሚያድግና ሁለቱም ወገን ስለሚያዋጣ ከፕሮቶን ጋር ሲነጻጸር 82 በራሱ አራት ጊዜ ተባዝቶ ይጨምራል፣ 45 ሚሊዮን ገደማ። ኒውክሊየሶቹ ከ14 ፌምቶሜትር በላይ ተራርቀው ሲያልፉ አይነካኩም፣ መስካቸው ብቻ ይገናኛል። መደራረብም የለም ማለት ይቻላል፣ ስለዚህ እዚህ ካሎሪሜትሩንም ባዶ ይሁን ብሎ መጠየቅ ይቻላል። ፎቶኖቹ ወደ ጎን ያላቸው ግፊት 0.03 ጂኢቪ ገደማ ብቻ ስለሆነ ትይዩነቱ ላይ ጨክኑ፤ 0.1 ሳይሆን 0.01።

አትላስ ብርሃን ከብርሃን ሲጋጭ ያየው በዚህ ነው። ሁለት ፎቶን ገብተው ሁለት ፎቶን ወጡ። በ2017 ባወጣው ውጤት 13 ክስተት ነበረው፣ በ2019 ደግሞ 59፣ ባክግራውንዱ 12። የዚህ ሥራ አስመሳይ ዱካቸው ያልተያዘ ሁለት ኤሌክትሮኖች ናቸው። በአሜሪካ የብሩክሄቨን ላቦራቶሪ የስታር ቡድንም በ2021 ከሁለት ፎቶኖች የተወለዱ 6,085 የኤሌክትሮንና ፖዚትሮን ጥንዶችን አሳየ፤ ብራይትና ዊለር በ1934 የጻፉት ነገር ነው። ሲኤምኤስ የ2010 እና የ2011ን የእርሳስ ዳታ ስለለቀቀ እጃችሁን የምታፍታቱበት አለ። ከግጭቱ ርቆ በጨረሩ መስመር ላይ የተቀመጠው ዜሮ ዲግሪ ካሎሪሜትር ኒውትሮን መቁጠሩን አትርሱ፤ ኒውክሊየሱ ሳይነካ አለፈ ወይስ ተነቃንቆ ኒውትሮን ጣለ የሚለውን የሚነግራችሁ እሱ ነው።

ሳጥኑን ከመክፈታችሁ በፊት

ማጣሪያዎቹን ሁሉ በወረቀት ጻፉ፣ ቀኑን ጨምራችሁ። ያን ስታደርጉ ምልክቱ ያለበትን ቦታ አትዩ፤ ሳጥኑ ያልኩት እሱን ነው። ማጣሪያውን የምታስተካክሉት በሲሙሌሽን፣ ተመሳሳይ ቻርጅ ባላቸው ጥንዶችና ሆን ብላችሁ ባዶ ባልሆኑ ክስተቶች ነው፤ ለምሳሌ ከ1 እስከ 6 ተጨማሪ ዱካ ያላቸውን ውሰዱና ባክግራውንዳችሁን በትክክል እንደምትተነብዩ ፈትኑ። 1 ዱካ ያለበት ላይ ትንበያችሁ ካልሠራ 0 ዱካ ያለበት ላይም አይሠራም።

ከከፈታችሁት በኋላ ማጣሪያውን አትንኩ። 0 ክስተት ቢወጣም 0 ብላችሁ ጻፉት። ከ0 የሚሰላ ነገር አለ፦ ባክግራውንድ ከሌለና 0 ካያችሁ፣ እውነተኛው አማካይ በ95 በመቶ እርግጠኝነት ከ3 በታች ነው። ያን 3 በማጣሪያችሁ ብቃትና በዳታችሁ መጠን አካፍሉት፣ የሚወጣው ቁጥር ውጤታችሁ ነው።